ፓክትን በአንድ የሳቢያን ሕንጻ ላይ ሞከርኩት

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። ፓክት የሚባለው ይሄ ሶፍትዌር የመሬት መንቀጥቀጥ መቼ እንደሚመጣ አይናገርም። የሚናገረው፣ ይህን ያህል ጉልበት ያለው መንቀጥቀጥ ቢመጣ ሕንጻችሁ ምኑ ምኑ እንደሚጎዳ፣ ማስጠገኛው ስንት እንደሚበላ፣ ስንት ቀን ተዘግቶ እንደሚቆይ ነው። አስቀድሜ የምለው ላፕቶፔን ያየ ሁሉ «እሺ፣ መቼ ነው ታዲያ?» ስለሚለኝ ነው። አንድ ጓደኛዬማ ቀኑን በጆሮው ሹክ እንድለው ለምኖኛል። የደበቅኩት መስሎት።

ነገሩ የጀመረው በ2017 ነው። ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬቱ አልረጋ ብሎ ለወራት የከረመበት ዓመት። ታኅሣሥ 26 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ወንድሜ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ደረጃውን ወርዶ፣ ብርድ ላይ ቆሞ ነው የደወለልኝ። የካቲት 7 ማታ ደግሞ 6.0 የተለካው መጣ። አዋሽ ዙሪያ ስንትና ስንት ሺህ ሰው ከቀዬው ተነሣ። እኔ ድሬ ላይ ሁለቱንም ተኝቼ ነው ያሳለፍኳቸው፤ ምንም አልተሰማኝም። ቦታው ከእኛ በቀጥታ ሲለካ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሩቅ ነው ብሎ መተኛት ግን አይቻልም። ድሬም የተቀመጠችው የአፋር ዝቅታ ደቡባዊ ጠርዝ ላይ ነው። አፋርና ዙሪያው ደግሞ ከዚህ በፊትም ከተማ አጥፍቶ ያውቃል። በ1953 የካራ ቆሬው ማጀቴን አፈራርሷታል፣ በ1961 ሰርዶ እንዳልነበረች ሆናለች። ይሄን ለሰው ስናገር «እዚያ ቤቱ የጭቃና የድንጋይ ነበር» ይሉኛል። እውነት ነው። እኛ ደግሞ ብሎኬት ደርድረን ፎቅ አድርገነዋል።

በዚያው ሰሞን እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ጂ ፕላስ 4 ሕንጻ ያላቸው አንድ ሐጂ አስጠሩኝ። ታች 6 ሱቅ፣ አንደኛው ፎቅ ላይ ካፌ፣ ከዚያ በላይ ፔንሲዮን። ሐጂ ሕንጻቸውን እንደ ልጃቸው ያውቁታል፤ ሲሠራ ፌሮውን ራሳቸው እየቆጠሩ ነው አርማታ ያስሞሉት። ሻይ አስመጡና ቀጥታ ገቡበት።

«ኢንጂነር፣ አታብዛብኝ። ይወድቃል አይወድቅም?»

ይሄን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቀኛል። መልሴ ብዙ ጊዜ «አይመስለኝም» ነው። ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ እኔም ሻይ ተጋብዤ እመለሳለሁ። ግን ያልወደቀ ሕንጻም ባለቤቱን ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል። ኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ላይ እንደ ፈረንጆቹ በየካቲት 2011 በመጣው መንቀጥቀጥ መሐል ከተማው ውስጥ የወደቁት ትልልቅ ሕንጻዎች ጥቂት ናቸው። ቆመው ቀርተው በኋላ በማሽን የፈረሱት ግን ብዙ ናቸው። ጥገናው አላዋጣማ። ስለዚህ ሐጂን «ሌላ ነገር ላስላልዎት፤ ቢቆምም ስንት ያስወጣዎታል የሚለውን» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እሱንም ንገረኝ» አሉ። ፓክትን የከፈትኩት እንዲህ ነው።

ፓክት ፌማ ፒ-58 የሚባለው ዘዴ ማስሊያ ነው። ፌማ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ነው፤ ዘዴውን ያዘጋጀለት አፕላይድ ቴክኖሎጂ ካውንስል የሚባል ካሊፎርኒያ ያለ ድርጅት ነው። 10 ዓመት ያህል ለፍተውበት በ2012 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በ2018 ሁለተኛው እትም መጣ። ሶፍትዌሩም ጥራዞቹም በነጻ ነው የሚወርዱት። ክራክ ፍለጋ የለም፣ ፍላሽ ይዞ ከጓደኛ ጓደኛ መዞር የለም፣ አንቲቫይረስ አጥፉ የሚል የለም። ለኢትዮጵያ ኢንጂነር ይሄ ብቻውን አንድ ኮከብ ያሰጣል።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ፓክት ራሱ ሕንጻውን አይነቀንቅም። እሱን የሚሠራው ኢታብስ ወይም ሌላ የስትራክቸር ሶፍትዌር ነው። ከዚያ በዋናነት ሁለት ዓይነት ቁጥር ይዛችሁ ትመጣላችሁ። አንዱ ድሪፍት የምንለው ነው፤ እያንዳንዱ ፎቅ ከሥሩ ካለው ፎቅ ምን ያህል ወደ ጎን እንደሄደ። ሌላው የየሶሌታው ፍጥንጥነት ነው። ድሪፍት ግድግዳና ኮለን ይሰብራል። ፍጥንጥነት ኮርኒስ ያወርዳል፣ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ ይገለብጣል።

ከዚያ ሕንጻው ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ ትዘረዝራላችሁ። በየፎቁ ስንት ኮለን፣ ስንት ሜትር ግድግዳ፣ ስንት ካሬ ኮርኒስ። ለእያንዳንዱ ዓይነት ፍራጂሊቲ ከርቭ የሚባል ነገር አለ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ዓይነት ግድግዳ 100 ብትደረድሩና ሁሉንም እኩል ብታዘሟቸው እኩል አይሰነጠቁም፤ ትንሽ ሲዘሙ አሥሩ፣ ሲብስ ግማሾቹ፣ በጣም ሲብስ ሁሉም። ከርቩ እሱን ነው የሚናገረው። ጉዳቱም ደረጃ አለው፦ ቀለም ብቻ የሚፈልግ፣ ልስን የሚፈልግ፣ ፈርሶ እንደገና የሚገነባ። ለየደረጃው የጥገና ዋጋና የሠራተኛ ቀን ተቀምጦለታል።

ይሄ ሁሉ ከገባ በኋላ ፓክት ዕጣ ይጥላል። ያንኑ መንቀጥቀጥ 500 ጊዜ፣ 1000 ጊዜ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ያስመጣዋል። በአንዱ ዙር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ በሌላው ዙር ምንም አይሆንም፣ በሌላው ሕንጻው ሳይወድቅ ዘሞ ይቀርና ይፈርሳል። በመጨረሻ የሁሉንም ዙር ወጪ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረድረዋል። እናንተ መሐል ላይ ያለውን ታያላችሁ፣ ወይም ከ10 ዙር 9ኙ የማያልፉትን።

እኔ የወደድኩት ይሄን ነው። እኛ ጋ ወጪ ማለት አንድ ቁጥር ነው። ቢ.ኦ.ኪው. በምንለው የሥራና የዋጋ ዝርዝር ላይ እስከ ሳንቲሙ ይጻፋል፣ ሥራው ሲያልቅ እጥፍ ሆኖ ይገኛል፣ ማንም አይገርመውም። ፓክት ከመነሻው «ከዚህ እስከዚህ ነው» ብሎ ይናገራል። ሐጂን በዚህ ማሳመን ግን ቀላል አልነበረም። «አንተ ታውቃለህ አታውቅም?» አሉኝ። «ሐጂ፣ የበቆሎ ዋጋ የዛሬ ዓመት ስንት ይሆናል?» አልኳቸው። ሳቁ። ነጋዴ ናቸው፤ ገባቸው።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

ፕሮጀክት ስትከፍቱ ሕንጻው እንደ አዲስ ቢሠራ ስንት ያወጣል ብሎ ይጠይቃል። እኔ 80 ሚሊዮን ብዬ ሞላሁ። ብር ማለቴ ነው። ከዚያ ኮለኑን፣ ግድግዳውን፣ ኮርኒሱን ከሶፍትዌሩ ቋት እየመረጥኩ ደረደርኩና አስኬድኩት። ከምሳ በኋላ ነው። ቬንትሌተሩ ያንኑ ሙቅ አየር ያዞራል፣ ላፕቶፑ ጭን ያቃጥላል፣ ሸሚዜ ወንበሩ ላይ ተጣብቋል። ውጤቱ መጣ። መሐለኛው 410,000።

410 ሺህ! ሌላ ጊዜ ሐጂ ስልክ የሚያነሡት በሦስተኛው ሙከራ ነው። ያን ቀን ገና አንዴ ሳይጠራ አነሡት።

«ማሻ አላህ! ይሄማ የሱቆቹ የሁለት ወር ኪራይ አይሞላም!»

እኔም ደስ ብሎኝ ዋልኩ። በማግስቱ ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ኢንተርንሺፕ ወጥታ አብራኝ የምትሠራ ተማሪ ስክሪኑን ስታይ ቆየች።

«ኢንጂነር፣ ይሄ 410 ሺህ ምንድን ነው?»

«ብር ነዋ።»

«ግድግዳውን በብር ማን ሞላው?»

ዝም አልኩ። ፓክት ውስጥ የተቀመጠው የጥገና ዋጋ የሰሜን ካሊፎርኒያ ዋጋ ነው፤ ዶላር፣ ያውም የ2011 እ.ኤ.አ.። እኔ ሕንጻውን በብር አስገብቼ ጥገናውን በዶላር ነው ያሰላሁት። ሶፍትዌሩ ብርና ዶላር አይለይም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ 80 ሚሊዮን ከሚያወጣ ሕንጻ ላይ ግማሽ በመቶ ብቻ ተጎዳ ብሎ ነገረኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል። ሐጂ ጋ መልሼ የደወልኩት ዐስር ሰግደው እስኪጨርሱ ጠብቄ ነው። እሳቸው ምንም አላሉም። «እ» ብቻ። አቦ፣ ያቺ «እ» ከስድብ ትብሳለች።

አንዳንዱ «ታዲያ በምንዛሬ አባዛዋ» ይላል። አይሆንም። ፓክት ሁለት ማባዣ ይሰጣችኋል፣ አንዱ ለዘመኑ፣ አንዱ ለአካባቢው። ካሊፎርኒያ ከካሊፎርኒያ ጎረቤት ጋር ለማስተካከል ጥሩ ነው። ለእኛ ግን አንድ ቁጥር ለሁሉ አይበቃም። እዚያ ጥገና ውድ የሚሆነው በሰው ጉልበት ነው። እዚህ ጉልበቱ ርካሽ ነው፣ ዕቃው ነው የሚያንገበግበው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣ ሴራሚክና ሳኒተሪ አብሮ ወጣ፣ የቀን ሠራተኛው ግን እዚያው ቀረ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሁሉንም እንደየዓይነቱ በራሳችሁ ዋጋ መሙላት አለባችሁ። ፓክት ይህን ይፈቅዳል፤ ከርቭና ዋጋ የምትጨምሩበት ለብቻው መሣሪያ አለው። ጊዜዬን የበላው ይሄ ነው።

እዚህ ላይ የረዳኝ ኢንጂነር አይደለም። አንድ የቆየ ግንበኛ ነው። ያረጀ ሕንጻ እያደሰ ሳለ ሄድኩና ሁለት የተሰነጠቀ ግድግዳ አሳየኝ ብዬ ለመንኩት። አንደኛውን በምስማር ጫፍ ቧጨር ቧጨር አደረገው። ነጭ ዱቄት ረገፈ።

«ይሄ ልስኑ ነው። ቧጥጦ መምታት ነው።»

ሌላውን በጡጫው መታ መታ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ። እኔም አስጠጋሁ። ድምፁ ባዶ ነው፣ እንደ ቆርቆሮ።

«ይሄ ግን ከቢሙ ለቋል። ፈርሶ ነው የሚሠራ።»

ፓክት ደረጃ 1፣ ደረጃ 3 የሚለውን ሰውየው በጡጫ ነው የሚለየው። ዋጋ ስጠይቀውም «አንድ ክፍል ከሆነ ውድ ነው፤ ዕቃ ማመላለሱም መወጣጫ ማቆሙም ያው ስለሆነ። ፎቁን ሙሉ ከሰጠኸኝ እቀንስልሃለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ፓክትም በትክክል እንደዚያ ነው የሚያስበው። ጥገናው ሲበዛ ነጠላ ዋጋው እየወረደ የሚሄድበት መስመር አለው። ትንሹን መጠን ከነዋጋው፣ ትልቁን መጠን ከነዋጋው ትሞላላችሁ፣ መሐሉን እሱ ያገናኘዋል። ግንበኛው የነገረኝን ሁለት ዋጋ ቁጭ አድርጌ ሞላሁት።

ግድግዳው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ቋቱ ውስጥ ለክፍል መለያ ያገኘሁት የጂፕሰም ቦርድ ግድግዳ ነው፤ በብረት ዘንግ ላይ የሚለጠፈው። የእኛ ሕንጻ ደግሞ በአርማታ ኮለንና ቢም መሐል ብሎኬት የተሞላ ነው። ባሕሪያቸው አይገናኝም። ብሎኬቱ ገና ሕንጻው ትንሽ ሲዘም ነው ጥግ ጥጉ ላይ መሰንጠቅ የሚጀምረው። ለዚህ የሚሆን ስላላገኘሁ የጣሊያኖችን የጥናት ጽሑፍ አነበብኩ። እነሱ እንደኛው በአርማታ ፍሬም መሐል ግድግዳ ሞልተው ስለሚሠሩና በመንቀጥቀጥም ስለተፈተኑ ከርቩን ሠርተውታል። ከዚያ ወስጄ አስገባሁት። የእነሱ ጡብ እንደኛ ብሎኬት ነው ወይ ካላችሁኝ አይደለም። ግን ከጂፕሰሙ ይቀርባል።

ሌላው ያሳቀኝ፣ መጠኑን ለማያውቅ ሰው ከፓክት ጋር የሚመጣ የኤክሴል ሠንጠረዥ እንደ ሕንጻው ዓይነትና ስፋት ይገምትላችኋል። ሆቴል ነው ስትሉት ይሄን ያህል ስፕሪንክለር፣ ይሄን ያህል የአየር ማቀዝቀዣ ቱቦ ብሎ ይመጣል። ስፕሪንክለር ሐጂ ሕንጻ ላይ? ቀዩ የእሳት ማጥፊያ እንኳ የካፌው በር እንዳይዘጋ መደገፊያ ሆኖ ነው ያለው። ያን ሁሉ እያወጣችሁ ትጥላላችሁ። መለኪያው ደግሞ የአሜሪካ ነው፣ ጫማና ካሬ ጫማ። ካልኩሌተር ከአጠገባችሁ አይራቅ።

ሰው በየሰዓቱ የት እንደሚገኝም ይጠይቃል፤ ስንት ሰው ሊጎዳ እንደሚችል የሚያሰላው በዚያ ነው። እዚያ የተዘጋጀው የንግድ ቤት ልማድ ከሰዓት በኋላ ሰው በሰው የሞላበት ነው። ድሬ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ሱቅ ከፍታችሁ ደንበኛ ጠብቁ እስቲ! ከሐሩሩ ያልተጠለለ የለም፤ ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው። ሱቁ የሚሞላው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው፣ ካፌው እስከ እኩለ ሌሊት። ፔንሲዮኑ ደግሞ በባቡርና በአውቶቡስ ሰዓት ነው የሚኖረው። ይሄንም ቀየርኩት። ሲቀየር የሚጎዳ ሰው ቁጥር ከቀን ወደ ማታ ዞረ። ለእኔ ይሄ ከገንዘቡ ይልቅ አሳሳቢ ሆኖብኛል።

እንግዲህ ሁሉንም አስተካክዬ፣ የመንቀጥቀጡን መጠን ከአገራችን የሕንጻ ደንብ ወስጄ እንደገና አስኬድኩት። ይሄ ደንብ የሚይዘው በ50 ዓመት ውስጥ የመከሰት ዕድሉ 10 በመቶ የሆነውን ነው፤ ኢንጂነሮች የ475 ዓመቱ የሚሉት። መሐለኛው 7 ሚሊዮን ብር ገደማ መጣ። ከ10 ዙር 9ኙ የማያልፉት 19 ሚሊዮን። ቁጥሩን ለራሳችሁ ሕንጻ እንዳትወስዱት፤ የሐጂ ነው፣ ግማሹም በእኔ ግምት የቆመ ነው።

ዋናው የገንዘቡ መሄጃ ነው። ፓክት ወጪውን በየዕቃው ከፋፍሎ በግራፍ ያሳያል፣ ይሄ ግራፍ ከሶፍትዌሩ ሁሉ ምርጡ ነው። ሐጂ የሚፈሩት ኮለን ነው። ፌሮ የቆጠሩትም ለእሱ ነው። ግራፉ ላይ ኮለኑ ቀጭን ናት። ከግማሽ በላዩ ብሎኬት፣ ልስን፣ ሴራሚክና ቧንቧ ነው። የፔንሲዮኑ መታጠቢያ ቤቶች ብቻ አንድ ትልቅ ክምር ሠርተዋል፤ 22 መታጠቢያ፣ እያንዳንዱ እስከ ኮርኒሱ ሴራሚክ የለበሰ። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ሴራሚኩ አብሮ ነው የሚሄደው፣ ያው ቀለም ደግሞ ገበያ ላይ አይገኝም፣ ስለዚህ አንዱ ሲጎዳ ክፍሉ በሙሉ ነው የሚቀየረው። አሜሪካ ውስጥ በተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት ከሆቴል ሕንጻ ወጪ ውስጥ የስትራክቸሩ ድርሻ 13 በመቶ ነው፣ የሆስፒታል ደግሞ 8። እኛ ጋ አርማታና ፌሮው ከዚያ የበለጠ ይይዛል፣ ቢሆንም ሐጂ ግራፉን አይተው ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ።

«እኔ አጥንቱን ስጠብቅ ቆዳው ነው የሚበላኝ?» አሉ።

ከዚህ የተሻለ ልገልጸው አልችልም።

ያ 19 ሚሊዮን ከየት መጣ ብዬ ስቆፍር ደግሞ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንዱ ሮቶው ነው። ጣሪያው ላይ 5000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለ፤ ሲሞላ 5 ቶን ማለት ነው። የተቀመጠው ከአንግል ብረት በተበየደ መቆሚያ ላይ ነው፣ መቆሚያው ከሶሌታው ጋር በምንም አልታሰረም። እንዲያው ቁጭ። ፓክት የታሰረና ያልታሰረ ዕቃን ለይቶ ያሰላል። ያልታሰረ ብዬ ሳስኬደው በብዙ ዙር ሮቶው ይወድቃል፣ ውሃው ከላይ እስከ ታች ይወርዳል ብዬም የታችኛውን ፎቅ ጉዳት ጨመርኩበት። የታሰረ ስለው ጠፋ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ በያጅ፣ ጥቂት ፊሸርና ግማሽ ቀን ነው።

ሁለተኛው ሱቆቹ ናቸው። ከላይ ያሉት ፎቆች በግድግዳ የተሞሉ ናቸው። ታች ግን ከፊት ሙሉው መስታወትና የሚጠቀለል በር ነው፣ ግድግዳ የለም። ሕንጻው ሲነቀነቅ የሚዘመው ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። በአንዳንድ ዙር ምድር ቤቱ ዘሞ ይቀራል፤ ያኔ ፓክት ጥገናውን ይተውና ሕንጻውን ሙሉ በሙሉ እንደ ኪሳራ ይቆጥረዋል። የወጪውንም ወሰን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ልምዱ፣ ማስጠገኛው የመተኪያውን 40 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ባለቤት አፍርሶ መሥራት ይመርጣል የሚል ነው። እኔም እሱን ያዝኩ። መፍትሔው ከጥጉ አንዱን ሱቅ በአርማታ ግድግዳ መዝጋት ነው። ኢታብስ ላይ ዘግቼ እንደገና ሳስኬደው 19 ሚሊዮኑ ወደ 11 ወረደ።

ቅሬታዬን ልጨርስ። መልኩ ያረጀ ነው፤ የድሮ ዊንዶውስ የሚያስታውስ፣ ታቡ የበዛ። አንድ ነገር የት እንደሞላችሁ ለማግኘት አምስት መስኮት ትከፍታላችሁ። ለዊንዶውስ ብቻ ነው። የሰጣችሁትን ያምናል። ድሮዊንጉ ላይ ያለው ፌሮ ሕንጻው ውስጥ ከሌለ ፓክት በምን ያውቃል? ሐጂ ስለቆጠሩ እኔ ተኛሁ እንጂ ብዙ ባለንብረት ያልቆጠረ ነው። ለባለቤት የሚሆን ሶፍትዌርም አይደለም፤ የስትራክቸር ሰው የግድ ነው። እኔ ከ5 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለመልኩ ነው፣ ለዋጋው ቋት አይደለም፤ የካሊፎርኒያ ሰው የሳቢያንን የልስን ዋጋ እንዲያውቅልኝ አልጠብቅም።

ከተማ ሙሉ ማስላት የሚፈልግ ካለ ኦፕንኩዌክ የሚባል አለ፣ ፓቪያ ጣሊያን ያለው ጌም የሚባል ድርጅት የሚሠራው፣ እሱም ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ለአንድ ሕንጻ ግን ፓክት ይበቃል። በዚያው ዘዴ የሚሠራ፣ የሚከፈልበት፣ ብዙውን ነገር ራሱ የሚሞላላችሁ ኤስፒ3 የሚባልም አለ። በዶላር ስለሆነ አልሞከርኩትም፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ተናግሬያለሁ።

ሐጂ ሮቶውን በሳምንቱ አሳሰሩት። በያጁ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ራሳቸውም ወጡ፣ ፊሸሩን አንድ በአንድ ቆጠሩት። ስምንት ነው። ስለ ሱቁ ሳነሣባቸው «የጥጉ ሱቅ ነው እኮ፣ ልጄ፣ ኪራዩ ከሁሉ ይበልጣል» አሉኝ፣ «ከዐረፋ በኋላ እንነጋገር»። ዐረፋ አለፈ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ሱቁ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሞባይል መሸጫ ሆኗል። ልጁን ጠየቅኩት፤ የ3 ዓመት ውል ነው የፈረመው።